ስለ ሣር፤ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ የነበረው አጠቃቀምና ጥበቃ

ስለ ወገራና ስለ ስሜን የተጻፉት ታሪኮች ስለ ነገሥታትና ስለ መሳፍንት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ርስት ክርክር ብዙ ይነግሩናል። ስለ እህልም አልፎ አልፎ ይጠቅሳሉ፤ የወገራ ሜዳ ለጎንደር ከተማ እህል ያቀርብ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስለ ሣር ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ሣር ማንም ሳይዘራው በዝናም የሚበቅል ስለ ሆነ ታሪክ ያለው ነገር አይመስልም። ሆኖም የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ለብዙ ትውልድ የተወለደው በሣር ክዳን ሥር ነው፤ እንጀራውን የቆረሰው ከሣር ከተሰፋ መሶብ ነው፤ ያረሰው ሣር በልቶ በጠና በሬ ነው፤ በፋሲካ ዋዜማም በራሱ ላይ ያሰረው ቄጠማ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከታሪክ ውጭ ማድረግ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም «የዱር ሣር» የምንለው በስሜን ግርጌ ባለቤት የሌለው ዱር እንዳልነበረ፤ የሚከለከልበት ወቅት፣ የሚታጨድበት ጊዜና የሚጠብቀው ሰው እንደ ነበረው፤ ጠባቂውንም ያቆመው ከሣሩ የሚገኘው ጥቅም እንደ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስሞቹን እንመልከት። ለከተማ ሰው «ሣር» የሚለው አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ለገበሬ ግን አይበቃውም። ሰንበሌጥ ረጅምና ጠንካራ አገዳ ያለው የክዳን ሣር ነው። ጓሳ በብርዳሙ ከፍታ ላይ በጉጥ በጉጡ የሚበቅል ሲሆን ለክዳን፣ ለገመድና እረኛ ዝናም ለሚከላከልበት ገሳ ይሆናል። ስንደዶና አክርማ የስፌት ሣሮች ናቸው። ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ የሚዘረጋና ከብት ቢግጠው የማይጠፋ ነው፤ አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች የሚባለውም ስለዚህ ሣር ነው። ሙጃ በእርሻ ውስጥ ሲገባ ገበሬውን የሚያደክም አረም ነው፤ ለከብት ሲታጨድ ግን መኖ ይባላል። ቄጠማ በዕፅዋት ሊቃውንት አከፋፈል ከሣር ወገን አይደለም፤ ነገር ግን ቤት የሚጎዘጉዝ ሰው ይህን ልዩነት አይጠይቅም፣ እኛም እዚህ አንጠይቅም።

ከነዚህ ስሞች የምንማረው ነገር አለ። ሰው ለማይጠቀምበት ነገር ይህን ያህል ስም አያወጣም። ደግሞም አንዱ ሣር ከሌላው የሚለየው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በሚሠራው ሥራና በሚበቅልበት ከፍታ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ የግጭ አምባ ወደ 3,600 ሜትር ይደርሳል፤ ከሊማሊሞ በታች ያለው የዛሪማ አገር ደግሞ ቆላ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ በሚገኙበት አገር የሣሩ ዓይነት ቁልቁለቱን ተከትሎ ይለወጣል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ የሚነገረው አባባል በሌላ አገር ምሳሌ ብቻ ነው፤ በስሜን ግን እረኛው በየቀኑ የሚጠነቀቅበት ነገር ነው።

በዱርና በእርሻ መካከል ያለው ድንበርም እንደምናስበው የተሰመረ አይደለም። ጤፍ ራሱ ሣር ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹም እስከ ዛሬ በየሜዳው ሳይዘሩ ይበቅላሉ። ከዚህ ይልቅ ግን ለደባርቅና ለዳባት የሚቀርበው የሲናር ነገር ነው። ሲናር በገብስ ማሳ ውስጥ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። እስኪያሸት ድረስ ከገብስ ለመለየት ያስቸግራል፤ ካሸተም በኋላ ገበሬው እየነቀለ አይጥለውም። ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፤ በአንድ አውድማ ይወቃል፤ አብሮ ተፈጭቶ እንጀራ ወይም ጠላ ይሆናል። የዱር ዘመዶቹ ፍሬያቸው እንደ ደረሰ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ሲናር ግን ፍሬውን ይዞ እስከ አጨዳ ይቆያል። ይህ ጠባይ የመጣው ከገብሱ ጋር ለብዙ ትውልድ ሲታጨድና ከዘሩ ጋር ተመልሶ ሲዘራ ከኖረ በኋላ ነው። ገበሬው ሲናርን ላልማ ብሎ አልተነሣም፤ ነገር ግን አልምቶታል። በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ዘር የሰበሰበው የሩሲያ ሊቅ ቫቪሎቭ አጃ በመጀመሪያ በሌላ እህል ማሳ ውስጥ የገባ አረም እንደ ነበረ ያስተምር ነበር፤ ከኢትዮጵያ የአጃ ወገኖች አንዱም በስሙ ተጠርቷል።

እንክርዳድ ደግሞ የሲናር ተቃራኒ ነው። እርሱም በእህል መካከል ሳይዘራ ይበቅላል፤ ነገር ግን በጠላ ወይም በእንጀራ ውስጥ ከገባ ራስ ስለሚያዞር በሰፌድ እየተንገዋለለና በእጅ እየተለቀመ ይወጣል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ያለውን የእንክርዳድ ምሳሌ ስለ ኃጢአተኞችና ስለ ጻድቃን የተነገረ ብቻ አድርገን ተምረነው ነበር። ለወገራ ገበሬ ግን ምሳሌው ትክክለኛ የእርሻ ምክር ነው፤ ሥራቸው የተጠላለፈውን ሁለቱን ከአጨዳ በፊት ለመለየት የሚሞክር እህሉንም አብሮ ይነቅለዋል።

አሁን ወደ ጽሑፍ ማስረጃ እንለፍ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲሄድ ሊማሊሞን ወጥቶ በወገራ አለፈ፤ ስለ ዳገቱ አስቸጋሪነት ጽፏል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1832 በስሜን ተጉዞ ዋልያን ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀ። ስለ ሣር ከሁሉ የበለጠ የሠራው ግን ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 እስኪሞት ድረስ በአገራችን ኖረ፤ የስሜንና የትግሬ ገዥ ለነበሩት ለደጃዝማች ውቤ አገለገለ። በስሜንና በትግሬ እየዞረ ዕፅዋትን አድርቆ በወረቀት ላይ እየለጠፈ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። በኤስሊንገን ከተማ የነበሩት ሆክሽቴተርና ሽቶይደል የተባሉት ሊቃውንት እነዚህን እየመረመሩ ስም ያወጡላቸው ነበር፤ ሽቶይደልም በ1850ዎቹ ስለ ሣር ወገኖች ባሳተመው መጽሐፍ ሺምፐር የላካቸውን ብዙ የኢትዮጵያ ሣሮች አስገብቷል።

እንግዲህ የስሜን እረኛ በየቀኑ የሚረግጠው ሣር ወደ መጽሐፍ የገባው በላቲን ቋንቋ፣ በጀርመን አገር ነው። ይህን የምንለው ለትችት አይደለም። ሺምፐር በየወረቀቱ ሣሩን ያገኘበትን ቦታና ወር ስለ ጻፈ፣ ደጃዝማች ውቤ በ1855 በደረስጌ በካሣ እጅ ድል ከመሆናቸውና ካሣም በዚያው ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት በዚያ ተራራ ምን ይበቅል እንደ ነበረ ከማንኛውም ዜና መዋዕል ይልቅ የሚነግረን ይህ የደረቀ ሣር ነው። በአውሮፓ ልዩ ልዩ ከተሞች እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። የታሪክ ተማሪዎች ይህን እንደ መዝገብ ልንቆጥረው ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ ሣርን የሚፈልገው ግን ቤት ነው። የክቡ ቤት ግድግዳ በእንጨት ተማግሮ በጭቃ ይመረጋል ወይም በድንጋይ ይካባል። በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ ከምሰሶው ጫፍ ወደ ግድግዳው ወጋግራ ይወርዳል፤ በወጋግራው ላይ ማገር በልጥ ይታሰራል። እስከዚህ ያለው የእንጨት ሥራ ነው፤ ቤት የሚሆነው ሣር ሲለብስ ነው። ክዳኑ ከታች ከክፍክፉ ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ረድፍ የታችኛውን ማሰሪያ እየሸፈነ ስለሚሄድ ውኃ መግቢያ አያገኝም። ጫፉ ላይ ሣሩ ተሰብስቦ ይታሰርና ብዙ ጊዜ ያረጀ ማሰሮ ተደፍቶበት ጉልላት ይሆናል። ጣራው ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ ለጥ ያለ ጣራ ውኃ ስለሚይዝ ሣሩ ይበሰብሳል። የምድጃው ጢስ ክዳኑን ከውስጥ እያጠቆረ ያደርቀዋል፤ ተባይም አይደፍረውም። እኛ ተማሪዎች ወደ ገጠር ስንሄድ በጢሱ እንማረራለን፤ ሰው ያልኖረበት፣ እሳት ያልነደደበት ሣር ቤት ግን ቶሎ ይፈርሳል።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ማንኛውም ሣር አይደለም። ከብት የነካው አገዳ አጭርና የተቆረጠ ስለሚሆን አይከድንም። ለምለም ሳለ የታጨደም ይበሰብሳል። ስለዚህ የክዳን ሣር ከሰኔ ዝናም ጀምሮ ኮቴ ሳይደርስበት ማደግ፣ በጥቅምትና በኅዳር ደርቆ መጠንከር፣ ከዚያ በኋላ በማጭድ መታጨድ አለበት። ይህን ተራ የሚመስል ነገር አጥብቀን የምንናገረው ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ በየዓመቱ ክዳኑ ያረጀ ቤት አይጠፋም። እንግዲህ በየዓመቱ ከመንደሩ አቅራቢያ አንድ ተዳፋት ወይም አንድ መስክ ለግማሽ ዓመት ያህል ከከብት መከልከል ነበረበት። የከለከለው የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ ጣራው ነበረ። በሬና ጣራ በአንድ ሣር ላይ ይሻሙ ነበርና በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ሥርዓት አስፈለገ።

አጨዳውም እንደ እህል አጨዳ ነበር። ሣሩ በነዶ ታስሮ በሰው ጀርባና በአህያ ይጓጓዛል፤ ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ ደቦ ይጠራል፤ ዛሬ ለጎረቤቱ የከደነ ነገ ይከደንለታል። የቤተ ክርስቲያን ክዳን ሲሆን ደግሞ ሥራው የደብሩ ሰው ሁሉ ዕዳ ነበረ። የሣር ክዳን ደካማነት እሳት ነው፤ ደርቡሾች በ1888 ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከተማው በቶሎ የወደመው ስለዚህም ጭምር ነው ብለን እናምናለን። ከዚያ ቃጠሎ የተረፈችውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ክዳን ንቦች አዳኑት የሚለውን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የበሬው መስክ ነገር አጭር ነው። የእርሻ በሬ ከላምና ከበግ ይቀድማል፤ ምክንያቱም እርሻ የሚጀመረው ከብት ሁሉ በከሳበት ወራት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ረግረጉና ጨፌው በክረምት ተከልክሎ ቆይቶ ይታጨድና ድርቆሽ ይሆናል። ይህን ያልጠበቀ መንደር በሰኔ የሚያርስ በሬ አያገኝም።

የሴቶች ሣር ግን ሌላ ሕግ አለው። ስንደዶ በነዶ አይታጨድም፤ ዝናሙ ሲያባራ በመስከረም ልጃገረዶች አንድ በአንድ ይመዙታል። የሚገኘውም በመንገድ ዳርና ማረሻ በማይደርስበት በማሳ ድንበር ላይ ነው። ይህ ድንበር በሁለት ርስተኞች መካከል የተተወ የሣር መስመር ነው፤ እርሱን አርሶ ማለፍ ወሰን መግፋት ይባላል፤ በዳኛ ፊትም ያቆማል። ስለዚህ ስንደዶ የምትመዝ ልጅ የምትሄደው በአገሩ የርስት ካርታ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ከስንደዶና ከአክርማ፣ ቀለም ከገባው አለላም ጋር በወስፌ እየተሰፋ መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድና እንቅብ ይሠራል። በስሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በሸክላና በስፌት የታወቁ ነበሩ፤ በ1984–85 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያውን ይዘውት ሄዱ።

ይህን ሁሉ ስንናገር የድሮውን ሥርዓት ለማመስገን ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ መሆን አለበት። የተከለከለው መስክ የርስተኞች መስክ ነበረ። ርስት ያልነበራቸው ብዙዎቹ ቤተ እስራኤልና ሙስሊሞች በሰው መሬት ላይ ይኖሩ ስለ ነበረ ሣሩንም እንደ መሬቱ ለምነው ያገኙት ነበር። በመጋቢት 1975 የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትንና ጉልትን ሲሽር ይህን በደል ሽሮአል። ነገር ግን መስኩን የሚከለክለው የሽማግሌዎች ሥልጣን የቆመው በዚያው በርስት ላይ ነበርና አብሮ ተናጋ። መሬት ለሌለው ሁሉ መሬት ማደል ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታየው «ባዶ» መሬት የሣር መሬት ነበረ፤ ተዳፋቱ ታረሰ፤ ግጦሹ ጠበበ።

ጣራውም በዚያው ዘመን ይለወጥ ነበር። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ የሊማሊሞን መንገድ ሠርተው ነበር፤ ጦራቸውም በወልቀፊት እስከ መስከረም 1941 ድረስ ቆይቶ እጁን ሰጠ። መንገዱ ግን ቀረ፤ በመንገዱም የጭነት መኪና፣ በጭነት መኪናውም ቆርቆሮ መጣ። ባሕር ዛፍም ቀጥ ያለ እንጨት ስለሚሰጥ ለአራት ማዕዘን ቤትና ለቆርቆሮ ጣራ ተስማማ። ቆርቆሮ አይቃጠልም፤ በየጊዜው አይለወጥም፤ ደቦም አያስፈልገውም፤ ደግሞም የሀብት ምልክት ሆነ። ገበሬው መምረጡ ትክክል ነው። እኛ የምንለው ግን ከዚህ ምርጫ በስተጀርባ ያልታየ ነገር እንደ ነበረ ነው። ጣራው ሣር መፈለጉን ሲተው በሬውና በጉ ያለ ተከራካሪ ቀሩ። መስኩን ከሰኔ እስከ ኅዳር መከልከል የሚጠቅመው ሰው ጠፋ። ለከብት ብቻ የሚጠበቅ ሣር ደግሞ እንደ ክዳን ሣር ረጅም ጊዜ አይጠበቅም፤ አንድ ሰው ካስገባ ሁሉም ያስገባል።

የዱር አራዊት ጠባቂዎች ስሜንን ያገኙት በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከምክንያቶቹም ዋነኞቹ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ የዋልያም ቁጥር ማነስ ነበሩ። በ2016 ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ግጦሹ ሲቀንስ ሣሩ እንደ ገና አደገ። ለዋልያና ሣር በመንጨት ለሚኖረው ለጭላዳ ይህ መልካም ነው፤ ይህንን የሚክድ ሰው የለም።

ይሁን እንጂ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2019 በዚሁ ተራራ ላይ እሳት ተነሥቶ ለብዙ ቀናት ነደደ። የአገሩ ሰው በሺህ ወጥቶ ታገለው፤ ሄሊኮፕተርና እሳት አጥፊዎችም ከውጭ አገር መጡ። እሳቱ የተነሣበትን ምክንያት ለሌሎች እንተወውና የበላውን ነገር ብቻ እንመልከት፤ የበላው ረጅምና የደረቀ ጓሳ፣ ከርሱም ጋር አስታ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ የክዳን ሣር በሚታጨድበት አገር ይህን ያህል ደረቅ ሣር እስከ ሚያዝያ ድረስ ቆሞ አይቆይም ነበር። ሣርን ከሰው መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለጥቅሙ ሲል የሚጠብቀው ሣር ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በውጤታቸው አንድ እንዳልሆኑ ይመስለናል።

ይህ አስተያየታችን የሚፈተንበት ቦታ ከስሜን ውጭ፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ይገኛል። በዚያ በጓሳ ሣር ስሙ የተጠራ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ደጋ አለ። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆት ኖሯል። የመጀመሪያ አቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች በየደብራቸው አለቃ እየመረጡ ጓሳውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ተነግሮ በበጋ ይከፈታል፤ ሰውም ሁሉ በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል። ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳና ለጅራፍ ይወስደዋል፤ ክረምት ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። ይህም እንደ ስሜን መስክ በ1975 ዐዋጅ ተናግቶ ነበር። ልዩነቱ የመንዝ ሰዎች ኋላ አዲስ ደንብ ጽፈው፣ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት አባል እየሆኑ ጥበቃውን መመለሳቸው ነው። ዛሬ በመንዝ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ጓሳው በየወቅቱ ይታጨዳል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያው ሣር ውስጥ ይኖራሉ።